በመርፌ ቀዳዳ ያየሁት ፌርማታ

ነሐሴ 3
ዛሬም ሠላሳ ሁለት ራጅ አጠብኩ። እጅ፣ ደረት፣ አንድ የተሰበረ ቁርጭምጭሚት። ከሰዓት አለቃዬ አንኳኳ። «አዲሱ ማሽን ሰኞ ይገባል። ጨለማ ክፍሉ ይዘጋል፤ አንቺ ካርድ ክፍል ትዛወሪያለሽ።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቀይ መብራት... አሁን ሰው ፊት? የተረፉትን ፊልሞች ልውሰድ ብዬ ጠየቅኩት።
«ምን ይሠሩልሻል?»
«እንጃ።»

ነሐሴ 4
ሦስት የጫማ ካርቶን ውስጣቸውን ጥቁር ቀባሁ። ቆርቆሮ በመርፌ በስቼ ከፊታቸው ለጠፍኩ። በጨለማ ፊልም ከተትኩባቸው፤ በቀዳዳው በሚገባው ብርሃን ፎቶ የሚያነሱ ካሜራዎች ሆኑ። እማዬ ብትኖር፣ «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ትለኝ ነበር። ከሞተች ሰባት ወር ሆናት። ቤት ውስጥ የሚያወራው ሬዲዮው ብቻ ነው።

ነሐሴ 5
ሰማዩ እንደከበደ ዋለ። አንዱን ካርቶን ድልድዩ ላይ፣ አንዱን ገበያው በር ላይ አስቀምጬ ቀዳዳቸውን ከፈትኩ። ሰዉ ይተራመሳል፤ ምን እያደረግሽ ነው ያለኝ የለም። ሦስተኛውን ከአውቶቡስ ፌርማታው ትይዩ፣ አጥር ላይ አስቀመጥኩ። ብርሃን ስለሌለ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ማካፋት ጀመረ። ቀዳዳውን ሳልሸፍን ካርቶኑ ላይ ፌስታል ደረብኩ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።
ፌርማታው ሥር ጃንጥላ የሚጠግን ሰውዬ አለ።
«እኅቴ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»
«ፎቶ እያነሳሁ ነው።»
«በጫማ ካርቶን?» ሳቀ። «ታዲያ እሱ ያንሳ። አንቺ ለምን ትበሰብሻለሽ? ነይ ቁጭ በይ።»
ተቀመጥኩ። እሱ ሽቦ ያቃናል፣ እኔ ካርቶኑን አያለሁ።

ነሐሴ 7
ማሽኑ ሳይገባ በጠዋት ሄጄ አጠብኳቸው። ድልድዩ... ባዶ። ገበያው በር... ባዶ። ያ ሁሉ ሕዝብ የት ገባ? ለካ ቀዳዳው ቀስ ብሎ ነው የሚያየው። የሚያልፈውን ሰው አይዝም። ሦስተኛውን፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ስለወጣ፣ በሌላ ፊልም ገለበጥኩት። ፌርማታው ሥር ሁለት ሰው ተቀምጧል። አንደኛው እሱ ነው፤ እጆቹ ብቻ የሉም። ሌላዋ ማናት? ትንሽ ቆየሁ እስካውቃት።
እኔ ነኝ።
ከቀብሩ ወዲህ ሰው አጠገብ አሥር ደቂቃ የተቀመጥኩት ያን ቀን ብቻ ነው? አሰብኩ፣ አሰብኩ... ሌላ አጣሁ። በሩን ቆልፌ አለቀስኩ።

ነሐሴ 12
ፊልሙን ለጃንጥላ ጠጋኙ ወሰድኩለት። ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ትኩር ብሎ አየው።
«እኔስ ደህና ነኝ። አንቺ ግን ሰው የቀበርሽ ትመስያለሽ።»
«ቀብሬያለሁ።»
«ማንን?»
ስለ እማዬ፣ ከጉልበቷ ሕመም ጀምሬ እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ነገርኩት። ጉጠቱን መሬት አስቀምጦ ሰማኝ። አውቶቡሴ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ።