ጽዋው ሲነሣ የቆመ

ጥቅምት 14

ሞጣ። ቀኑን ሙሉ ስለ ጽዋ ማኅበር ስጠይቅ ዋልኩ። ሰዉ ብዙ፣ መልሱ አንድ።

"ለምንድን ነው የሚደግሱት?"

"ተራዬ ስለሆነ ነዋ።"

ይህ መልስ አይደለም። ስንት ዓመት ይህንኑ ሰማሁ። ተማሪ ፈተና ላይ ቢጽፈው ዜሮ ነው የምሰጠው። ምስራቅ የምትባል ሴትዮ ደግሞ ሳቀችብኝ። "አንቱ ዶክተር፣ ፀሐይንስ ለምን ወጣሽ ይሏታል?"

የሞጣ ማር ግን ጥሩ ነበር።

ጥቅምት 18

ጸደንያ ደወለች። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የድሮ ተማሪዬ። ለፕሮፌሰርነት የማቀርበው ገለጻ ለኅዳር 21 ተቆረጠ። ገምጋሚዎቹ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። "እንዳይቆጧቸው ብቻ" አለችኝ። እኔ መቼ እቆጣለሁ? ስሕተት ሳይ ብቻ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት... ለማንም አልነገርኩም። ሁለተኛ ሻይ አዘዝኩ።

ጥቅምት 22

ምን ነካኝ?

ትናንት ቢቸና፣ የማርያም ማኅበር ላይ። እናቴ እስክትሞት የጠጣችው። እኔ እንግዳ ነኝ፤ ጥግ ይዤ እመዘግባለሁ። የኅዳር ተረኛ፣ ታዘበው የሚባል ማኅበርተኛ፣ ሐዘን ላይ ስለሆነ ተራው ክፍት ነበር። ደንቡ የታወቀ ነው፦ ተራ ክፍት ሲሆን፣ ጽዋው ሲነሣ ቆሞ የተገኘ እሱ ተቀባይ ነው። የሚቀጥለውን ወር እሱ ይደግሳል። ይህን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ያውም ከነማብራሪያው።

ቄሱ ጽዋውን አነሡ። እኔ ብድግ... ፎቶ ላነሣ።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

"አያ የኔሰው፣ ለፎቶ እኮ ነው የቆምኩት" አልኳቸው። የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፣ ማለትም ዳኛው።

"እመቤታችን ፎቶ አታውቅም፣ ልጄ። መቆምህን ነው ያየች።" ቀጠሉና፣ "የእናትህም ቦታ እስከ ዛሬ ሰው አልተቀመጠበት።"

ጽዋውን ታቅፌ ወጣሁ። ኅዳር 21። ያው ቀን!

ጥቅምት 23

እኅቴ ወለተ ሐና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ጌሾ ልትገዛ ተነሣች።

"አንቺ ደግሺልኝ፤ እኔ ገለጻዬን ላቅርብ።"

"ጋሼ፣ የቆምከው አንተ ነህ። እኔ ቁሚልኝ ትለኛለህ?"

ልክ ናት። ተቀባዩ ራሱ ካላስተናገደ ጽዋው ከቤቱ አይወጣም። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ኅዳር 2

ለጸደንያ ደወልኩ። ቀኑ ይዛወር አልኩ።

"ዶክተር፣ ሰዎቹ ሌላ ቀን የላቸውም። ይህ ካለፈ ግንቦት ነው። እሱም ከተገኙ።"

"እንግዲያው ግንቦት።"

"አሞዎታል እንዴ?"

አላመመኝም። ተናድጃለሁ። በማን? እንጃ...

ኅዳር 17

ጠላው ቀጠነ አልኩ። "ገምግመህ ጨረስክ?" አለችኝ ወለተ ሐና። ከጓዳ ተባረርኩ።

ኅዳር 22

እግሬ አሁንም ያመኛል። ትናንት እዚያው ማኅበሩ ቤት ሲጠጡ ሲበሉ አልተቀመጥኩም፤ ተቀባይ አይቀመጥም። ጾም ስለሆነ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ጠላ። አየሁሽ የምትባለው ማኅበርተኛ ዳቦዬን እያገላበጠች፣ "አንዱ ቁራሽ ይበልጣል፤ ዶክተሩ በማስመሪያ ያስተካክሉት" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም። (በእርግጥም ይበልጥ ነበር።)

አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም። ጊዜስ ከየት መጥቶ? የአንዱ ዋንጫ ሲሞላ የሌላው ይጎድላል።

ጽዋው ሲነሣ ታዘበው ቆመ። ከሐዘኑ ቤት ከወጣ ገና ሳምንቱ ነው። አስረከብኩት። ያን ጊዜ አያ የኔሰው እጄን ይዘው እናቴ ትቀመጥበት ከነበረው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሆኖ ቤቱ ሁሉ ይታያል። አላውቅም ነበር።

ፎቶ የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ጸደንያ ደወለች። ኮሚቴው ለምን እንደቀረሁ በጽሑፍ ይፈልጋል። ማብራሪያ ጀመርኩ፤ ትርጓሜ፣ ታሪካዊ ዳራ፣ ዋቢ ጽሑፍ... አነበብኩት። አንዱም እውነቱን አይልም። ሰርዤ አንድ መስመር ላክሁ።

"ተራዬ ስለነበር።"