ምድጃው ከልክ በላይ የጋለ ዕለት

የነፍስ አባታችን፣ ከእርሳቸው ጋር የተቀመጣችሁ ካህናትና የአብነት መምህራን፣ የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ ጎረቤታችን ሐጂ ከነቤተሰብዎ፣ የዕድራችን ሰብሳቢና አባላት፣ ከትናንት ጀምሮ ወገባችሁን ታጥቃችሁ ያልተቀመጣችሁ እናቶችና እኅቶች፣ ልጄ ማስተዋል፤ ሁላችሁንም በየማዕረጋችሁ በአክብሮት ሰላም እላለሁ። በእጄ የያዝሁትን ደብዳቤ የጻፍሁት ዛሬ ሙት ዓመቷን ለምናስብላት ለባለቤቴ ነው። እናንተም ልትሰሙት የሚገባ ነገር ስላለበት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ።

ውድ ይታይሽ፣

ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ሞላ። እንግዶችን በየተራ መጥራት ስጀምር ከጓዳ ብቅ ብለሽ «ክቡር ዳኛ፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ቢፈርዱልን» ትዪኝ ነበር። ዛሬ የሚያሳጥረኝ ስለሌለ አንቺው ታገሺኝ።

ስለ ቤትሽ ልንገርሽ። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ላይ ጤፍ እንገዛበት የነበረው ማሳ አሁን ግማሹ ቤት ሆኗል፤ ባጃጁም እስከ በራችን ድረስ ይመጣል። የግቢሽ ዘይቱን ዘንድሮ ከሚበቃን በላይ አፈራ፤ የቀረውን ከሐይቁ ዳር የሚመጡት ወፎች ጨረሱት። ጡረታ ብወጣም ለሽምግልና የሚፈልገኝ ሰው አልጠፋም፤ ባልና ሚስት ሳስታርቅ ግን ዓረፍተ ነገሬን የሚያርምልኝ የለም። ከአልጋውም የምተኛው እስካሁን በራሴ በኩል ብቻ ነው።

ሊያሳስብሽ የሚገባው ነገር አንድ ነበር። ልጃችን ይህን ቤት አከራይተን እኔ ፔዳ ሰፈር ካለው ቤቷ እንድገባ ወስና ነበር። ምክንያቷም የብረት ምድጃሽ ነው። ከሥራዋ እየተጣደፈች ስትመጣ መብራት ጠፍቶ እኔ ለሻይ እሳት ስለኩስ ታገኘኝና ፊቷ ይለዋወጣል። «አባባ፣ እናቴን ያህል ሰው ድስት አስገልብጦ ክንዷን ያቃጠለ ምድጃ እርስዎን ይምራል ብለው ነው? ተዝካሩ ይለፍና እንነጋገራለን» አለችኝ። ስንት ጠበቃ አፍ ያዘጋሁ ሰውዬ ሳልሟገት ሻይዋን ቀዳሁላት። ያልተሟገትሁበትን ምክንያት ደግሞ ከእኔና ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከዱርቤቴ ተዛውረን ባሕር ዳር የገባን ጊዜ ምድጃውን በርሜል አስቆርጠሽ በብረት በያጅ ያሠራሽው አንቺ ነሽ። ከፊቱ የእንጨት ማስገቢያ በር፣ ከታቹ መዳፍ የምታህል የአየር መግቢያ ከነተንሸራታች መዝጊያዋ፣ ከላዩ ጣሪያውን አልፎ የሚወጣ የጭስ ቱቦ። ማስተዋል ገና አልተወለደችም። አንድ ጠዋት አንቺ ሽንኩርት ስትልጪ እኔ ላግዝሽ ብዬ በደረቅ እንጨት ሞላሁት። ብረቱ መቅላት ሲጀምር ደነገጥሁ፤ ባልዲ ሙሉ ውኃ አንሥቼ ደፋሁበት። እንፋሎቱ እንደ አውሬ ዘሎ ወጣ። ከፊቱ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ክንድሽ ከእጅ አንጓሽ እስከ ክርንሽ ተላጠ።

ጎረቤቶች በጩኸቱ ተሯሩጠው ሲገቡ እኔ አፌን ለመክፈት ስታገል አንቺ ቀድመሽ «ድስት ገለበጥሁ» አልሽ። አዲስ የተሾመ ዳኛ ሚስቱን አቃጠለ እንዳይባል ነበር። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች በየሠርጉና በየማኅበሩ «ድስቱን ከይታይሽ አርቁት!» እያሉ ሲቀልዱብሽ አብረሽ ሳቅሽ። እኔም ዝም አልሁ። በችሎት ሐሰተኛ ምስክር ስገሥጽ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ በሐሰት ምስክርነት ተሸሽጌ ኖርሁ።

ክንድሽ ሲሽር ከምድጃው ፊት በርጩማ አስቀምጠሽ አስተማርሽኝ። እሳት የሚበረታው በእንጨቱ ብቻ አይደለም፤ በሚስበው አየር ነው፤ አልሽኝ። ሲበዛ ውኃ አታፍስ። ትልቁን በር አትክፈት፤ ከከፈትህለት የባሰ ይተነፍሳል። የታችኛዋን መዝጊያ ግፋና ጭሱ ወደ ቤት እንዳይመለስ የጣት ስፋት ብቻ ተውለት። በበሩ ዙሪያ ባለው ስንጥቅ የሚገባውን አየር በአመድ ድፈነው። ውኃ የሞላ ከባድ ድስት ጣድበት፤ ሙቀቱን እርሱ ይጠጣልሃል። ከዚያ ቁጭ በል። ከሁሉ የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነበር።

ትናንት ጠዋት ሴቶቹ ለዛሬው ድግስ ተሰብስበው ሳለ መብራት ጠፋ። ታናሽ እኅትሽን እናትነሽን ታውቂያታለሽ፤ እሳት ከዘገየባት እሳቱን ትቀድመዋለች። ከዱርቤቴ ያመጣነው የባሕር ዛፍ እንጨት እርጥብ ሆኖ ሲጨስባት ከአጥሩ ጥግ ዓሣ አስጋሪው ጎረቤታችን የጣለውን፣ ከሐይቅ ዳር ቄጠማ ከደንገል የታሰረ አሮጌ ታንኳ አየች። ደንገሉን እየፈታታች በእቅፍ በእቅፍ አምጥታ ምድጃው ውስጥ ጠቀጠቀችው። የታችኛዋ መዝጊያም እስከ ጥግ ተከፍታ ነበር። ደንገል ውኃ ላይ ሳለ ሰው ተሸክሞ ሐይቅ ያሻግራል፤ ሲደርቅ ግን ከገለባ የባሰ ነው።

እኔ ከደጅ ሆኜ የሰማሁት የእሳት ድምፅ አይመስልም ነበር፤ ጎርፍ ይመስል ነበር። ስገባ የምድጃው ሆድ ቀልቶ፣ ቱቦው እስከ ጣሪያው ድረስ ፍም መስሎ፣ ከቱቦው አጠገብ ያለው የጣሪያው ወራጅ እንጨት መጨስ ጀምሯል። እናትነሽ «ኧረ ጉዴ ፈላ! ጋሼ፣ ቤቱ ነደደ!» እያለች ትዞራለች። ማስተዋል ግን ባልዲውን አንሥታ፣ ውኃውን ልትደፋ ክንዷን ወደ ኋላ ስባ ነበር። ልክ እኔ በዚያ ጠዋት የቆምሁበት ቦታ ቆማ።

«ውኃውን አስቀምጪ!» አልሁ። በችሎት እንኳ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእኔ ወጥቶ አያውቅም። ልጄ ባለችበት ደረቀች። አንዲት ጎረቤት የእንጨቱን በር ልትከፍት እጇን ስትሰድ እርሷንም ከለከልሁ። በመቆስቆሻው የታችኛዋን መዝጊያ ገፋሁ፤ የጣት ስፋት ተውሁ። አመዱን በአካፋ አፍሼ ስንጥቁን ሁሉ ደፈንሁ። ለወጥ የተቀመጠውን ባለ ውኃ ትልቅ ድስት ለሦስት ተሸክመን ጣድነው። ከዚያም በርጩማውን ስቤ ተቀመጥሁ።

«ምነው ጋሼ፣ ቤት እየነደደ ይቀመጣሉ እንዴ? ችሎት መሰለዎ?» አለች እናትነሽ።

«አዎ፤ ቀጠሮ ሰጥቼዋለሁ» አልኋት።

አልዋሽሽም፤ የተቀመጥሁት ለትምህርትሽ ታዝዤ ይሁን ፈርቼ ዛሬም አላውቅም። ጥቂት ቆይቶ የእሳቱ ጩኸት ወደ ጉምጉምታ ወረደ። የቱቦው ቅላት ከላይ ወደ ታች እየደበዘዘ መጣ፤ ብረቱም ሲቀዘቅዝ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። የወራጁም ጭስ ተቋረጠ። ከሴቶቹ አንዷ እልል ልትል ጀምራ የተዝካር ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያን ጊዜ ሁላችንም ሳቅን። እናትነሽም እያለቀሰች ሳቀች።

ማስተዋል ባልዲውን አስቀምጣ ከአጠገቤ ቁጢጥ አለች። «አባባ፣ ቤቱን አናከራይም። እናቴን ያሸነፈውን ምድጃ እርስዎ አሸነፉት» አለችኝ።

ይታይሽ፣ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁት ፍርድ ይህ ነበር። ነገር ግን በሐሰት ማስረጃ ላይ የቆመ ፍርድ መሆኑን እያወቅሁ ይዤው ልሄድ አልቻልሁም። ብናገር ቤቴን ላጣ እንደምችል አውቅ ነበር። እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኋትና ከዘይቱኑ ሥር ሁሉንም ነገርኋት፤ እንጨቱን የሞላሁት፣ ውኃውን የደፋሁት፣ ዝም ያልሁትም እኔ መሆኔን።

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ልጅሽ መልክዋ እኔን ቢመስልም ነገር ስታመዛዝን አንቺኑ ናት። «እንዲያ ከሆነ ውኃ ማፍሰስ ክፉ መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው ከየት አመጣለሁ?» አለች። ቀጥላም «ይቆዩ። የእናቴን ስም ግን ጥፋትዎን በሸፈነችልዎ ሰዎች ፊት ይመልሱላት» ብላ ፈረደች። ይግባኝ አልጠየቅሁም። ሌላም ግዴታ ጨምራለች፤ በቱቦውና በወራጁ መካከል ቆርቆሮ ይገባል፣ ደንገል ከግቢው ይወገዳል፣ በየጠዋቱም እደውልላታለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከሞትሽ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምግብ ሲቀርብልኝ ሰው ሳይለምነኝ በላሁ።

እነሆ በሸፈንሽልኝ ሰዎች ፊት ቆሜያለሁ። እናቶች፣ እኅቶች፣ ይታይሽ ድስት ገልብጣ አታውቅም። ክንዷን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ። የሳቃችሁባት ባለማወቅ ነው፤ ዝም ያልሁት ግን አውቄ ነው፤ እርሷንም እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይታይሽ፣ በሕይወት እስካለሁ በየጠዋቱ እሳት ስለኩስ ከመቀመጤ በፊት መዝጊያዋን አያለሁ፤ ስምሽንም እጠራለሁ። ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ ከእንግዲህ እውነቱን ከነክንድሽ እነግረዋለሁ። በዚህም አልረሳሽም።

የተከበራችሁ እንግዶቻችን፣ ጸሎት ላደረሳችሁልን፣ ድስት ለተሸከማችሁ፣ ትናንት ለደነገጣችሁና ዛሬም ተመልሳችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ማኅበራችን ይጽና፤ የጀመራችሁት ሥራ ሁሉ በመልካም ይፈጸም፤ ልጄ ማስተዋልም በያዘችው ሁሉ ይቅናት። ለይታይሽ ነፍስ ዕረፍትን ይስጥልን። ምሳው ቀርቧል፤ ወጡም አላረረም፤ እባካችሁ ብሉልን።