አምስተኛው ብሎን

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ዝናብ ሲጀምር የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮስ ተወህ? ዓይንህስ? መነጽር አድርግ ስልህ እንቢ እንዳልክ ነህ ወይስ ዕድሜ አስገደደህ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይለግምብኛል እንጂ ሌላው ሁሉ በቦታው አለ። ለሦስቱ ደብዳቤዎቼ መልስ አላገኘሁም። ይህን አራተኛውን ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው የምጽፍልህ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምን ላይ እንደዋልኩ ብነግርህ አታምነኝም። አሮጌ ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰዎች በኢንተርኔት የሚገናኙበት ግሩፕ አለ፤ አባል ሆኛለሁ። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም። እኔ «ጠመኔ» ነኝ። አንዱ «የተቃጠለ ፊውዝ»፣ አንዷ «የአንቴና እናት» ይባላሉ። ሁሉም «ብሮ» ይሉኛል። የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ነኝ ብዬ ላስደነግጣቸው አልፈለግሁም።

በገባሁ በሁለተኛው ቀን የአባላቱን ጽሑፍ በቀይ እያረምኩ መለጠፍ ጀመርኩ። ምን ላድርግ፣ ልኬት ሳይወስዱ «ተበላሽቷል» ብለው ይደመድማሉ። አድሚኑ ሦስት ቀን አገደኝ። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ተማሪ ከክፍል አስወጥቼ አውቃለሁ እንጂ ወጥቼ አላውቅም። ስመለስ የአንቴና እናት «ብሮ፣ ወላጅ ይዘህ ና አላሉህም?» ብላ ተሳለቀችብኝ።

የገባሁት በአባታችን ሬዲዮ ምክንያት ነው። አዎ፣ በዚያው። ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩት፣ ጀርባውን ብቻ ፎቶ አንስቼ፣ ድምፅ ካሰማ አምስት ዓመት አልፎታል ብዬ ለጠፍኩ። ሃያ ሰው ሃያ ዓይነት ምክር ሰጠኝ። «ዝምተኛው» የሚባል አባል ብቻ፣ እሱም «እርስዎ» እያለ፣ ከሶኬቱ እንድጀምር ነገረኝ። ሶኬቱ ደህና ነው፣ የቀየርኩት እኔ ራሴ ነኝ አልኩት። እሱ ግን፣

«የጠየቅሁት ማን እንደቀየረው አይደለም፤ ቴስተሩ ምን አለ?» ብሎ ጻፈልኝ።

ይህንኑ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ብያቸዋለሁ! አንድ ሳምንት አኮረፍኩ። በስምንተኛው ቀን ካቻቢቴ አንስቼ ሶኬቱን ፈታሁት።

ወንድሜ፣ ሽቦውን በቅጡ አልላጥኩትም ነበር። ብሎኑን ያጠበቅሁት በመዳቡ ላይ ሳይሆን በላስቲኩ ላይ ነው። ሶኬቱን ከቀየርኩ ወዲህ ኤሌክትሪክ ወደዚያ ሬዲዮ ገብቶ አያውቅም።

ታስታውሳለህ፣ አንተ ልታጸዳው በፈታታኸው ቀን ነው እኔ አዲስ ሶኬት የገጠምኩለት። መልሰህ ስትገጥመው ዝም አለ። «እትዬ፣ ሶኬቱን ልየው» ብለኸኝ ነበር። እኔ የሠራሁት አይመረመርም አልኩህ። አባታችን ዜናውን እንደናፈቀ አረፈ። በተቀበረ ማግስት፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ባለበት፣ «እጅህ የነካው ሁሉ ይሞታል» አልኩህ። አንተም ኮትህን አንስተህ ወጣህ። ዕድሜዬን የሰው ስህተት ሳርም ኖሬ የራሴን አምስት ዓመት ሙሉ ሳላየው ቀረሁ። ይቅር በለኝ።

አሁን ይናገራል! ሽቦውን ላጥኩ፣ አጠበቅሁ፣ ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ ሰካሁት። መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ከዚያ ጥርት ያለ የአየር ጠባይ ዘገባ። ጉልበቴን ረስቼ ዘለልኩ። ጎረቤቴ ደንግጣ በር ስታንኳኳ «ነገ ዝናብ ነው!» ብዬ አቀፍኳት። ዝናብ እንደዚያ የሚያስደስተው ሰው አይታ አታውቅም መሰለኝ።

መሥራቱን ለዝምተኛው ብቻ ጻፍኩለት። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ እንዲህ ሲል መለሰ፦

«እንኳን ደስ አለዎት። የግራው ማዞሪያ አሁንም በክብሪት እንጨት ነው የሚቆመው?»

የሬዲዮውን የፊት ገጽ ፎቶ ለማንም አላሳየሁም። ያን የክብሪት እንጨት አባታችን ሲሰካ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን። «አዎ፣ አሁንም» ብዬ መለስኩ፤ ሌላ አልጠየቅሁም። ዝምተኛ ሰው መናገር ሲጀምር አያቋርጡትም።

በግሩፑ ደንብ፣ የጠየቀ ሰው ሲሳካለት «ተፈታ» ብሎ ይጽፍና ጥያቄው ይዘጋል። አድሚኑ ሁለት ጊዜ አስታወሰኝ። ደንብ ማፍረስ እንደማልወድ ታውቃለህ፤ ግን አልዘጋሁትም። የጀርባ ክዳኑ ብሎኖች አምስት ነበሩ፣ ያኔ ፈትተህ ባስቀመጥክበት ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት አራት ናቸው። አምስተኛውን የወጣህ ቀን በጣቶችህ መሀል ስታገላብጠው አይቼሃለሁ። ሌላ ገዝቼ መግጠም አላቃተኝም። ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ካቻቢቴውም አጠገቡ።

ፈጣሪ ደረትህን ከብርድ፣ ልብህን ከቂም ይጠብቅልኝ። መንገድህ ይቅናልህ። እጅህ የነካው ሁሉ ይዳን።

ታላቅ እኅትህ