የማሚቱ መጫወቻ

ጥር 6፣ ጠዋት 3 ሰ.
የሆቴሉን አንሶላ አጥቤ አሰጣሁ። ጦጣዋ ማሚቱ ዛሬም የግራ ክንዷን ፀጉር ትነጫለች። ቆዳዋ ቀልቷል። አብሯት የነበረው ወንዱ ጦጣ ከሞተ ወዲህ ይኸው ነው ሥራዋ። ሽቦ ቤቷ ውስጥ ሲሚንቶና የውሃ ጣሳ ብቻ። ማስታወሻዬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን? ጦጣ አዝናለች ብል ሆቴሉ በሙሉ ይስቅብኛል።

ጥር 8
ከሥራ መልስ ለማሚቱ ገመድ ልገዛ ጊደር መጋላ ገበያ ሄድኩ። ገመድ ሻጩ ሐጂ ዩሱፍ ለምን እንደምፈልገው ጠየቁኝ። እያፈርኩ ነገርኳቸው። አልሳቁም። ቁራጭ ገመድ በነፃ ሰጡኝ። ስለታሰረ እንስሳ አላህ ይጠይቀናል አሉ።

ጥር 9፣ ከሰዓት
ገመዱን አንጠለጠልኩላት። ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ኦቾሎኒ ጨምሬ ክዳኑን ላላ አድርጌ ዘጋሁት። ነከሰች፣ አንከባለለች፣ ታገለች፣ ከፈተች! ክንዷን ረሳችው። እኔም ውሃው ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ እስኪፈስ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው?

ጥር 28
ክንዷ ላይ ፀጉር ብቅ ብሏል። ግን እንግዶች መሰብሰብ ጀመሩ። የሆቴሉ ባለቤት ወ/ሮ ሰብለ ደስ ብሏቸው ወንበር አስደረደሩ። ማንም ምንም እንዳይሰጣት ለመንኳቸው። አንቺ ልብስሽን እጠቢ አሉኝ።

የካቲት 4
ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ እንግዳ አረቄ ያለበት የመስታወት ጠርሙስ በሽቦው አሾለከላት። ኦቾሎኒ መስሏት ከፈተችው። መክፈት ማን አስተማራት? እኔ! ጠጣች፣ ተንገዳገደች፣ ወደቀች። ጠርሙሱ ተሰብሮ መዳፏን ቀደደው። እነሱ በስልክ እየቀረጹ ይስቃሉ። ደሟን በነጠላዬ ያዝኩ።

የካቲት 5
የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መዳፏን ሰፋላት። ሁለት ጣቶቿ ከእንግዲህ አይታጠፉም። ጥግ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ሙዝ ባቀብላትም አልዞረችም። ወ/ሮ ሰብለ ዘንድ ገባሁ። ለዱር እንስሳት ቢሮ እናስረክባት፣ ጦጣዎች ያሉበት መጠለያ ይውሰዷት አልኳቸው።
«ጦጣዋ የሆቴሉ ናት። ካልተመቸሽ በሩ ክፍት ነው» አሉኝ።
አሥራ አንድ ዓመት አጥቤላቸዋለሁ።

የካቲት 7፣ ጠዋት 2 ሰ.
ትናንት ለሐጂ ዩሱፍ የሆነውን ሁሉ ነግሬ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር አልኳቸው። «ልጄ፣ ቢሮው ብቻሽን አትሂጂ። እኔም ገመዱን ለምን እንደወሰድሽ እመሰክራለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ።
ለዱር እንስሳት ቢሮ እንዲወስዷት ማመልከቻ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ሥራዬ አለቀ፣ አውቃለሁ። ከወሰዷትም ዳግመኛ አላያትም። እሱ ይብሳል።
ሐጂ ደወሉ፤ የምንገናኝበት ሸዋ በር ደርሰዋል። ማስታወሻዬ፣ ልሂድ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።