ያጠብኳቸው የኦርጋን ቧንቧዎች

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9፣ ጠዋት
ቫኪዩም እየገፋሁ የቤ/ክኑ መድረክ ጋ ደረስኩ። ጭር ብሏል። ሐሙስ ሐሙስ የቤ/ክኑ ሙዚቀኛ ሚስ ዶሪስ ያንን ባለ ቧንቧ ትልቅ ኦርጋን ይለማመዳሉ፣ እኔ አጸዳለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። አሁን ቤ/ክኑን የኛ ሰዎች ከፈረንጆቹ ገዙት። እልል ብያለሁ፣ አልዋሽህም ደብተሬ። ግን ኦርጋን ለኛ ቅዳሴ አይሆንም፤ ይነሳል። የሚሄደው እዚሁ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ፣ መጀመሪያ ወደነበረበት ቤ/ክ። ሚስ ዶሪስ ልጅ ሳሉ ነው አሉ ከዚያ ተነቅሎ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው። ናፈቁኝ ሴትዮዋ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11፣ ማታ
ሠራተኞቹ ትናንት ቧንቧዎቹን ነቅለው ወለሉ ላይ ደርድረዋል። ሰኞ ይጫናል። አቤት አቧራው! እንዲህ ብንሸኘው ምን ይሉናል? የሰው ዕቃ ቆሽሾ አይመለስም። እናቴ የጎረቤት ድስት እንኳ በአመድ ፈትጋ ነበር የምትመልሰው። ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጨርቅ። ሙሉ ቀን። በጠመኔ የተሞነጫጨረባቸውንም አስለቀቅኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ግን አብረቀረቁ! ደስ ብሎኛል።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13
ጉድ ሠራሁ። የጫኞቹ አለቃ ቧንቧዎቹን አየና ራሱን ያዘ። ያ የጠመኔ ጽሑፍ የየቧንቧው ቦታ ነው ለካ! ብዙዎቹ በቁመት ይመሳሰላሉ፤ የቱ የት እንደሚገባ አይታወቅም። አሌክሳንድሪያዎቹ ካልገጠመ አንረከብም ብለዋል። ይጣላል ማለት ነው። ማን አጠበው ሲል ዝም አልኩ። እኔ፣ በዚህ ሽበቴ! ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15
እንቅልፍ የለም። ሚስ ዶሪስ ኦርጋኑን በድሮ ቦታው ሳልሞት አንዴ ልስማው ይሉ ነበር። አሁን ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16፣ ከሰዓት
ልጄ ሚስ ዶሪስ ቤት ድረስ ራይድ ሰጠችኝ። ብቻዬን ገባሁ። ቧንቧዎቹን አጥቤ ጽሑፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ ነገሩኝ፦ ኦርጋኑ ያኔ ሲዛወር በጠመኔ የጻፉት አባታቸው ነበሩ። የአባታቸውን የእጅ ጽሑፍ ነው በሳሙና ያጠብኩት! እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። እጄን ግን አልለቀቁም።
የየቧንቧውን ድምፅ አውቃለሁ፣ አንድ በአንድ እለያቸዋለሁ አሉኝ። ጫኞቹ ጋ ኮል አድርጌ አጣቢው እኔ ነኝ አልኩ። አለቃው ተሳደበ፤ ይሳደብ። ሦስት ሳምንት ሰጥቶናል። የቅዳሜና የእሑድ ሥራዬን ዛሬውኑ ካንስል አደረግኩ። እኔ ቧንቧውን እነፋለሁ፣ ሚስ ዶሪስ ቦታውን ይነግሩኛል፣ በላዩ እጽፋለሁ። መጨረሻው ቧንቧ ጋ እስክንደርስ ድረስ።