ከሦስቱ ጠመንጃ የእንጨቱ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ምሳ ሰዓት፣ የምነዳው አውቶቡስ ውስጥ።

ዛሬም የዕረፍት ግማሽ ሰዓቴ በስልክ ጠመንጃ ሳይ አለቀ። የአየር ጠመንጃ ነው ደብተሬ፣ አትደንግጪ። ባሩድ የለው። የምስር ፍሬ የምታህል እርሳስ ነው የሚተፋ። ለአባባ ነው። ከጎጃም ካመጣኋቸው ስምንት ወር። ተቀምጠው ሰፈራችንን፣ ዋይት ሴንተርን፣ በመስኮት ሲያዩ ይውላሉ፤ ምኑ እንደሚታይ እንጃ። ምግብ ቀንሰዋል። ዶ/ሯ የሚወዱትን ሥራ ፈልግላቸው አለች። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። የሚወዱት ማረስና መተኮስ ነው። በሬ ከየት ላምጣ?

ዕድሜ ልካቸውን ምንሽር ከትከሻቸው አልወረደም። ሊመጡ ሲሉ ለወንድማቸው አስረከቡት። ከዚያ ወዲህ ትከሻቸው ጎበጠ፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

ዓርብ፣ ኅዳር 5።

ሦስት ቀሩኝ። አንዱ በጋዝ የሚሠራ፣ ጥቁር፣ የወታደር መሣሪያ መሳይ፤ አልወደድኩትም። ሁለተኛው በሞላ የሚሠራ፣ አፈሙዙን ወደ ታች ሰብረው የሚያቀባብሉት፣ ሰደፉ እንጨት። ሦስተኛው ያው በሞላ፣ ሰደፉ ግን ደማቅ ሰማያዊ ፕላስቲክ። ቀላል ነው፤ ለሽማግሌ ክንድ ይስማማል። ኢንተርኔት ላይ ሰው በዚህ ይሰዳደባል። ለአይጥ ይኼ፣ ለዒላማ ያኛው። እኔ የምፈልገው ለሁሉም የሚሆን አንድ፦ ለጋራዥ ዒላማ፣ ለአጥር ሥር አይጥ፣ ለአባባ ሆድ።

ባለቤቴ ትዕግሥት ሰማያዊውን አለች። "ኦኬ፣ ሶ ከሩቅ ያያቸው ሰው ምን ሊል ነው? ጥቁር ሰውዬ ከነጠመንጃው! ሰማያዊው ካልሆነ ይቅር።" ከጋራዥ የት ሊወጣ ብዬ ሳቅሁባት። ሳቄን አልወደደችውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ከሰዓት።

ቱክዊላ ከተማ፣ ጠመንጃ ሱቁ ድረስ ወሰድኳቸው። ሰማያዊውን አቀበልኳቸው። በሁለት ጣት ያዙት። የማን ልጅ መጫወቻ ነው አሉ። የእንጨቱን ግን ራሳቸው አነሡት። ሰደፉን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አነጣጠሩ። ወገባቸው ቀና። አባቴን ከስምንት ወር በኋላ አየኋቸው።

ገዛሁት። ምን ላድርግ? ትዕግሥት ራቷን ለብቻዋ በላች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10።

ካርቶን ጨርቅ ሞልተን ጋራዥ ውስጥ ገተርን። አሥር ተኩሰው ዘጠኙ አንድ ሳንቲም በምታህል ቦታ ገባ። አሥረኛው የእኔ ጥፋት ነው፤ አስነጠሰኝ። ይስቃሉ። ይበላሉ፤ ትናንት ሁለቴ አስጨመሩ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም።

አንድ ነገር ብቻ። ጋራዥ ይቆለፍበት ብል እምቢ አሉ። ጠመንጃ ከባለቤቱ ተለይቶ አያድርም። አልጋቸው ሥር ነው። ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ከቀኑ 9 ሰዓት።

በአጭሩ ልጻፍ።

ጠዋት ከአገር ቤት መርዶ መጣ። የአባባ ሚዜ ዐረፉ። ልጃቸው እዚሁ ሦስት መንገድ አለፍ ብላ ነው የምትኖረው፤ ለቅሶ ተቀመጠች። አባባ እኔን አልጠበቁም። በእሳቸው አገር ወንድ ለወዳጁ ለቅሶ ባዶ ትከሻውን አይሄድም። ጋቢ ደርበው፣ ጠመንጃውን አንግተው፣ ሙሾ እያንጎራጎሩ መሀል መንገድ። ሰው ለፖሊስ ደወለ። ሁለት መኪና።

ትዕግሥት የዕረፍት ቀኗ ነበር። ጩኸት ሰምታ በባዶ እግሯ ወጣች። የአየር ጠመንጃ ነው፣ ጆሯቸው ደካማ ነው፣ እንግሊዝኛ አያውቁም እያለች፣ ሁለት እጇን ሰቅላ። ተረፉ። ጠመንጃውን ወሰዱት። እሳቸውን ለቅሶ ቤት አደረሰቻቸው።

እኔ ስደርስ የቤታችን ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። "መርጠህ ነው የገዛኸው" አለችኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19።

የጎረቤታችን የበር ካሜራ ቀርጾታል። ለትዕግሥት ላከላት። አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ፖሊሶቹ ከመኪና በር ጀርባ ናቸው። ጣለው፣ ጣለው፣ አለዚያ እገድልሃለሁ ይላሉ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የፈራ ሰው ሽጉጥ ይዟል። አባባ በእንባ ናቸው። መብራቱን አይተው ቆሙ። አስቀምጥ እንደተባሉ የገባቸው ይመስለኛል። ግን ጠመንጃ መሬት አይጣልም፣ ነውር ነው። ከትከሻቸው አወረዱት። ሌላ እጃቸውን ጋቢው ውስጥ ከተቱ። ጋቢውን ሊያወልቁ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ፖሊሱ በምን ይወቅ? ጋቢውን አስፋልቱ ላይ አነጠፉ። ሲጎነበሱ አፈሙዙ ወደ መኪናው ዞረ። ከዚያ ቀስ አድርገው፣ እንደ ሕፃን፣ አስተኙት።

ስድስት ጊዜ አየሁት። ስድስቱንም ጊዜ የሚተኩሱ መሰለኝ።

ማታ አባባ ጠየቁኝ። ልጆቹ ምን ነበር የሚሉት? ዋሸሁ። ሐዘንዎን አይተው፣ እባክዎ አባታችን፣ ያስቀምጡት ነው ያሉት አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨዋ ልጆች ናቸው አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30።

ከፖሊስ ተደወለ። ወንጀል የለም፤ ዕቃችሁን ውሰዱ። አባባ ሰሙ። ደስ አላቸው። ለሚዜያቸው አርባ ይደርስልኛል አሉ። በዚያው መንገድ፣ እንደዚያው አንግተው። የምትነጠፍ ነጭ ጋቢ እንድታጥብላቸው ትዕግሥትን አዘዋታል። ፖሊሶቹን ካገኘሁ መርቄ አልፋለሁ አሉ።

መርቄ አልፋለሁ! ይህን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ትዕግሥት ጠፋ እንበላቸው አለች። ይኼም ውሸት ነው። እንቢ ብል ራሳቸው ሄደው ይጠይቃሉ፤ ጨዋ ልጆች አስመስያቸው የለ? የሚያስፈራኝ ጠመንጃው ብቻ አይደለም። ነገም ሽጉጥ በደቀነባቸው ሰው ፊት ዘና ብለው እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ይከታሉ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1። ከጠዋቱ 1 ሰዓት።

ወስኛለሁ። ጠመንጃውን አላመጣም። ቪዲዮውን ዛሬ አሳያቸዋለሁ፤ ድምፁን ሳልቀንስ። እያንዳንዷን ቃል እተረጉምላቸዋለሁ፦ "ጣለው። አለዚያ እገድልሃለሁ።" ይህን ቃል በአማርኛ ለአባቴ የምናገረው እኔ ነኝ፤ በእኔ አፍ፣ ዓይናቸውን እያየሁ። በአንተ ነው የምለው፣ በአንቱ አይደለም። ፖሊሱ አንቱ አላላቸውም።

ጸሎታቸውን ጨርሰዋል። ስሜን እየጠሩ ነው። ስልኩን ይዤ ልግባ።