በምሰሶው ሥር ያለው መቀመጫ

ወገዳ አጠገብ፣ ቅዳሜ፣ ሰኔ

ውድ እናቴ፤

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደብረ ታቦር ዝናቡ ጀምሯል ሲሉ ሰምቼ ብርዱ እንዳይቀሰቅስብሽ ፈርቻለሁ። እኔ፣ ነፋሱ ከንፈሬን ከመሰነጣጠቁ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እህትሽ ተዋበችም ሰላም ትልሻለች።

ያልደወልኩልሽ ኔትወርክ ጠፍቶ ብቻ አይደለም። ድምፅሽን ከሰማሁ ይህን መናገር እንደማልችል ስለማውቅ ነው። ደብዳቤውን አስተማሪዋ ትዕግስት ታደርስልሻለች፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ትምህርትሽ ምንድን ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ መዋል ነው ብዬሽ ስቀሽብኝ ነበር። እውነቴን ነው። ሥልጣን ቢሮ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ማን ለማን እንደሚነሣ እዩ ብለው አስተማሩን። አምስት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ቤት ጥግ ይዤ፣ ሰው ሲገባ ማን «ኖር» ብሎ ብድግ እንደሚል፣ ማን ከወገቡ ብቻ ነቅነቅ እንደሚል ስጽፍ ከረምኩ። ለሰንበቴው ሙሴ፣ ማኅበሩን ለሚመሩት ለአቶ ይግዛው ቄሱ ሳይቀሩ ይነሣሉ። ሹመት የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም፤ ግን የተጣላ የሚታረቀውም፣ በሬ የሚዋሰውም የእሳቸው ፊት ታይቶ ነው። እሳቸው «በእግዜር» እያሉ እስኪቀመጡ፣ ከሴቶቹ ወገን፣ በምሰሶው ሥር፣ አንዲት ሴት ብቻ፣ እህትሽ ተዋበች፣ አትነሣም። ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ለሌላው ሁሉ ግን፣ ልጅ ላዘለች ሙሽራ እንኳ፣ ብድግ ትላለች።

አክስቴን ከመቼ ጀምሮ ነው ብላት፣ ከዕድሜሽ ጋር እኩል ነው አለችኝ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። የጻፍነውን ለባለቤቶቹ መልሰን እንድናነብላቸው መምህራችን ያዝዙናል። በግንቦት መጨረሻ እሑድ አነበብኩላቸው። ስም ደብቄ በቁጥር ተክቻለሁ፤ መቀመጫውን ግን እንዳለ ሥዬዋለሁ። አሥራ ሰባተኛዋ ለአንድ ሰው ብቻ አትነሣም ስል፣ ቤቱ በሙሉ ወደ ምሰሶው ዞረ። እያዩ እንዳላዩ ሲያልፉት የኖሩትን ጮክ ብዬ አነበብኩባቸው።

አቶ ይግዛው ሳቁ። አትፍረዱባት፣ ጉልበቷ ነው አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ የእናትሽስ ጉልበት ተሻላት ወይ ብለው ጠየቁኝ። የአንቺን ጉልበት ለማንም አንሥቼ አላውቅም ነበር። ከዚህ በኋላ አንቱ ማለቱን እጄ እምቢ ብሎኛል፤ አትቆጪኝ።

ትዝ አለኝ፣ እማዬ። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ሦስት ሽማግሌዎች ለዕርቅ ማር ይዘው ከዚህ አገር መጥተው ነበር። አንቺ አልተነሣሽም። ጉልበቴን ያመኛል አልሻቸው። ሲሄዱ ማሩን ተሸክመሽ ዳገቱን ሮጠሽ ወጣሽና ለየኔ ቢጤዎች አከፋፈልሽው።

ይግዛው ምንም አላዘዘም። ሰኞ ግን የአክስቴን ማሳ በእኩል የሚያርሰው ጓዴ የሚባል ገበሬ፣ በሬዬ አነከሰ ብሎ ቀረ። ያንኑ በሬ ማክሰኞ ሌላ ሰው ማሳ ላይ አየሁት። ወፍጮ ቤት ተራዋን ይዘሏታል፤ ጎረቤት እሳት ስትጭር ጠፋብን ይሏታል። የገብስ ዘር ጊዜ ሊያልፍ ነው፣ መሬቱ ገና አልታረሰም። ይህን ሳያዝዙ የመግዛት ነገር በመጽሐፍ ሳነበው ደስ ይለኝ ነበር። አፈርኩ፣ እማዬ። ማታ ማታ እያለቀስኩ ነው የምተኛው።

መነኩሲቷ አመተ ሥላሴ በመንገድ አገኙኝና አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ፀሐይ አዞሩት። ብዙ አዩኝ። ከዚያ እግዚኦ፣ ቁርጥ እሱን ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሐሙስ ሽማግሌዎች መጡ። ነገሩ ቀላል ነው አሉ፤ ተዋበች እሑድ በሰው ፊት አንድ ጊዜ ኖር ብላ ትነሣ፣ ሰኞ ጓዴ ይጠምዳል። እምቢ ካለች ጽዋዋ ለሌላ ይሰጣል፣ ስትሞትም የሰንበቴው ሰው አይወጣላትም። ልጅቷም አብራት ብትነሣ ይግዛው ደስ ይለዋል፣ ዓይኑ ስለደከመ ቀረብ ብሎ ሊያያት ይወዳል አሉ። አክስቴ እንዲወጡ በሩን ከፈተችላቸው።

ከሄዱ በኋላ እግሯ ላይ ወድቄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ገብሱ ይበልጣል፣ ተነሺ ብዬ ለመንኳት። ለገብስ ብዬ ብነሣ እናትሽን በምን ዓይኔ አያታለሁ አለችኝ።

አባትሽ ሳትወለጂ ሞተ ብለሽኛል። ሞቷል። ሌላ አልጠይቅሽም።

ነገ እሑድ ነው። ደብተሬን እዚሁ ትቼ እሄዳለሁ። ከምሰሶው ሥር ከአክስቴ ጎን እቀመጣለሁ። እሱ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ይነሣል፣ ዓይንም ሁሉ እኛ ላይ ይሆናል። ከሐሙስ ጀምሮ እኔንም ጉልበቴን ያመኝ ጀምሯል።

የአምላክ እናት ከክፉ ትሰውርሽ። ዕድሜሽን ታርዝምልኝ፤ ጉልበትሽን ግን እንዳለ ትተውልኝ።

ያንቺ ብቻ የሆነችው ልጅሽ